አስናቀች ወርቁና ባለ ስድስት ክሩ ክራር

በመካኒሳ፣ በመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ፣ የጃዝ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መኖሩን የሠፈሩ እናቶች ያውቃሉ። ሴት ልጅ የሙዚቃ መሣሪያ አንግባ ለትምህርት ስትሄድ ዛሬ ብዙም የሚገረም የለም። ይሁን እንጂ ያችው ልጅ ቤቷ ገብታ «እማዬ፣ እንጀራዬ ዘፈን ይሁን» ብትል በብዙ ቤት ክርክር መነሣቱ አይቀርም። የእናቶች ሥጋት ከየት እንደ መጣ ለመረዳት የአስናቀች ወርቁን ሕይወት መመልከት ይጠቅማል።

አሜሪካኖች «ካንትሪ» የሚሉት ዘፈን ከገጠር ሕዝብ ኑሮ ተነሥቶ፣ በጊታር ታጅቦ፣ ናፍቆትን፣ ድህነትንና የፍቅርን ክዳት የሚተርክ ነው። በእኛ አገር ለዚህ የሚቀርበው በክራርና በማሲንቆ የሚዜመው ያገር ዘፈን ነው። አስናቀች ግን የገጠር ልጅ አልነበረችም፤ የተወለደችው በ1920ዎቹ በአዲስ አበባ ከተማ፣ ስድስት ኪሎ ነው።

በዚያ ዘመን ክራር መልካም ስም አልነበረውም። በገና የዳዊት መሣሪያ ነው ተብሎ በጾም ወራት በትልልቅ ቤቶች ይደረደር ነበር፤ ክራር ግን የጠጅ ቤት ዕቃ ተብሎ ይናቃል። ክራር የያዘች ሴትማ «አዝማሪ» ትባል ነበር፤ ቃሉ የሙያ ስም መሆኑ ቀርቶ ስድብ ሆኖ ነበር። ያው ጎረቤት ማታ ዘፈኑን ሰምቶ ይደሰትበታል፤ ጧት ደግሞ ዘፋኟን ያማታል። እንግዲህ ነውሩ የማን እንደ ነበር አንባቢ ይፍረድ።

የቴአትሩም መድረክ ከዚህ የተሻለ አልነበረም። ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር ስለሚቆጠር የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፤ ሻሽ አስረው፣ ቀሚስ ለብሰው፣ ድምፃቸውን አቅጥነው! ይህን ልማድ ከሰበሩት ቀደምት ተዋንያን አንዷ አስናቀች ናት። በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው፣ በኋላ ብሔራዊ ቴአትር በተባለው መድረክ ተዋናይት፣ ዘፋኝና ክራር ደርዳሪ ሆና ሠርታለች። በዚህም የተነሣ በጠጅ ቤት ይናቅ የነበረው ክራር ትኬት ተቆርጦ የሚደመጥ መሣሪያ ሆነ። እርግጥ ብቻዋን አልነበረችም፤ ሜሪ አርምዴም በክራሯ ስመ ጥር ነበረች።

የአስናቀች ጨዋታ ዋና ውበቱ በእኛ አስተያየት ዝግታው ነው። ድምፅዋ አይጮኽም፤ አጠገብ ለተቀመጠ ሰው የሚያወራ ይመስላል። በትዝታ ቅኝት ስትጫወት ክራሩ ከስንኙ በኋላ ትንሽ ቆይቶ ይመልስላታል። ከማሲንቆ ተጫዋቹ ከጌታመሳይ አበበ ጋር ስትቀባበል ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ እሱ በግጥም ይነካታል፣ እሷም በሰምና ወርቅ ትመልስለታለች። ይህ ዓይነቱ ምልልስ የሚጠይቀው የጣትን ቅልጥፍና ብቻ አይደለም፤ ቋንቋን አብጠርጥሮ ማወቅ፣ ፈጥኖ ማሰብና ድፍረትም ያስፈልገዋል። ተሰድቦ ለማያውቅ ሰው ይህ ድፍረት ቀላል ሊመስለው ይችላል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ 16ኛው አልበም ለእርሷ ተሰጠ፤ የውጭ አገር አድማጭም «ባለ ክራሯ እመቤት» ብሎ አወቃት። አስናቀች በመስከረም 2004 ዓ.ም. አረፈች። ራሔል ሳሙኤል ስለ ሕይወቷ የሠራችው «አስኒ» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም ለሕዝብ የቀረበው ከዚያ በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ነው።

ልጃቸው ክራር እንዲገዛላት ለምትለምናቸው እናቶች አንድ ነገር እናክል። መሣሪያው ከባድ አይደለም፤ ክሮቹም ብዙውን ጊዜ ስድስት ናቸው። ቀድሞ ከጅማት ይሠሩ ነበር፤ ዛሬ ናይሎን በብዛት ይገኛል። ጀማሪዋ መጀመሪያ መማር ያለባት መቃኘትን ነው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አቃኛኘት አላቸው። አዲስ ክር ቶሎ ስለሚላላ ልጅቱ ገና ከጅምሩ «አልቻልኩም» ብላ ብታለቅስ፣ ጥፋቱ ከእሷ ሳይሆን ከክሩ ሊሆን ይችላል።