ተጨማሪ መረጃ፦ የጅቡቲ ከተማ ቲማቲም

ጅቡቲ ከተማ በአማካይ በዓመት 200 ሚሊ ሜትር እንኳ ዝናብ አታገኝም። ስለዚህ በከተማዋ ሪያድ ገበያ ከሚቸረቸረው ድንች፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ብዙው ከምሥራቅ ሐረርጌና ከድሬዳዋ ዙሪያ ተጭኖ የሚመጣ ነው። ለምሥራቅ ሐረርጌው የሐሮማያ ገበሬ እንዲያውም ከአዲስ አበባ ይልቅ ጅቡቲ ትቀርበዋለች። ግብይቱ ግን በአመዛኙ በደላላ ስልክና በቃል መተማመን የቆመ ነው፦ ዋጋ ሲወርድ ገዢው ስልኩን ያጠፋል፤ ሲወጣ ደግሞ ገበሬው ለሌላ ያስጭናል።

ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. ያወጣችው የግብርና ምርት ውል አዋጅ አምራችና አስመራች (ገዢው) ገና ከዘር በፊት ስለ መጠን፣ ስለ ጥራትና ስለ ዋጋ በጽሑፍ እንዲዋዋሉ መንገድ ከፍቷል። ብዙዎች የሚከራከሩት በዋጋው ላይ ነው። ለቲማቲም ግን ከዋጋውም የሚብስ ጥያቄ አለ፦ መኪናው ድንበሩ ላይ ባለው ደወሌ ኬላ በሙቀት ቢያድር፣ የበሰበሰው ሣጥን የማን ኪሳራ ነው?