ታክሲ ሲጠፋ፣ መንገድ ሲዘጋ ጤናዎን እንዴት ይጠብቃሉ?

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ደሴ መናኸሪያ ቆመዋል እንበል። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፤ ሰልፉ ረዝሟል፤ ሚኒባስ ግን የለም። ኮምቦልቻ 2 ሰዓት ላይ ሥራ መግባት ይጠበቅብዎታል። «እዚያው ደርሼ እበላለሁ» ብለው ቁርስ ሳይቀምሱ ወጥተዋል። እንደምንም ተሳፍረው ሲሄዱ ደግሞ ሐረጎ ላይ አንድ የጭነት መኪና ተበላሽቶ መንገዱን ዘግቶ ይጠብቅዎታል።

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሰላሙ ቀን ከሰዓት ባነሰ ጊዜ ይደረስበታል። ለኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኛ፣ ለዩኒቨርሲቲው ተማሪና ለነጋዴው ይህ መንገድ የየዕለት ኑሮ ነው። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው የባቡር መስመር ግንባታው በ2007 ዓ.ም. ቢጀመርም፣ የደሴና የኮምቦልቻ ተመላላሽ ዛሬም የሚተማመነው በጎማ ነው። ባቡር ቢኖር ደግሞ መጠበቁ ጭራሽ ይቀራል ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራው ቀላል ባቡር የሚጠቀም ሰውም ኃይል ሲቋረጥ ወይም የመስመር ዕቃ ሲበላሽ ጣቢያ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ይቆጥራል። የዛሬው ምክራችን እንግዲህ ለሁሉም ጠባቂ ነው፤ በተለይ ግን መድኃኒት ለሚወስዱት።

በመጠበቅ ቀድሞ የሚጎዳው የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ነው። ኢንሱሊን ወግተው ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ እንክብል ውጠው ሳይበሉ ከወጡ፣ መድኃኒቱ የመኪናውን መዘግየት አይጠብቅልዎትም፤ ሥራውን ይቀጥላል። በደም ውስጥ ያለው የስኳር መጠን ከ70 ሚሊ ግራም በታች ሲወርድ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ጭንቅላት ይደበዝዛል። በብርድ ቀን ያለ ምክንያት ላብ ካሰመጠዎት አይናቁት። አንዳንዱ በዚህ ጊዜ ቁጡና ነጭናጫ ስለሚሆን በሰልፉ ላይ ያለ ሰው «ጠጥቶ ነው» ብሎ ሊሸሸው ይችላል። ስለዚህ አብሮዎት ለሚመላለስ አንድ ጓደኛ ሕመሙ እንዳለብዎት አስቀድመው ይንገሩት።

መፍትሔው ኪስ ውስጥ የሚያዝ ነው። ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት፣ ወይም የ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ መጠጥ ግማሹን መጎንጨት ይበቃል። ስኳር የሌለበት «ዳይት» የሚባለው ግን በዚህ ሰዓት አይረዳም። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለዎት ይድገሙት፤ ሲሻልዎት ደግሞ ዳቦ ወይም ሌላ ምግብ ይብሉበት። ራሱን የሳተ ሰው ካጋጠመዎት አፉ ውስጥ ምንም አይጨምሩ፤ ሊያንቀው ይችላል። በጎኑ አስተኝተው በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። የሚጾሙ ከሆነ፣ በዐቢይ ጾምም ይሁን በረመዳን፣ የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን እንዴት እንደሚስተካከል ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ።

ኢንሱሊን ይዘው የሚጓዙ ከሆነ ከመኪናው መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ አያስቀምጡት። ደሴ ላይ ያልተሰማዎት ሙቀት ኮምቦልቻ ይጠብቅዎታል። የደም ግፊት መድኃኒትዎን ደግሞ የአንድ ቀን መጠን ቢያመልጥዎ በማግስቱ ደርበው አይዋጡ።

ሌላው ብዙ ሰው የማይናገረው ጉዳይ ሽንት ነው። በተለይ ሴቶች መንገድ ላይ ሽንት ቤት አይገኝም ብለው ከማለዳ ጀምሮ ውኃ አይጠጡም። ውኃ አለመጠጣትና ሽንት መያዝ ሲደጋገም ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያጋልጣል። ከቤት ሲወጡ ይሽኑ፤ ውኃውን ጥቂት በጥቂት ይጠጡ። በነገራችን ላይ መናኸሪያዎች ንጹሕ ሽንት ቤት ቢኖራቸው ከዚህ ገጽ ምክር የበለጠ ይጠቅም ነበር።

ስለ መስኮትም እናንሳ። ሚኒባሱ ሞልቶ ቆሟል፤ አንዱ ያስላል፤ መስኮት ለመክፈት እጅዎን ሲዘረጉ ከኋላ «ንፋስ ይመታናል!» የሚል ድምፅ ይመጣል። እርግጡን ለመናገር፣ ሳንባ ነቀርሳና ጉንፋን የሚተላለፉት በተዘጋ ቦታ በሚታመቅ አየር እንጂ በመስኮት በሚገባ ንፋስ አይደለም። ጋቢዎን ወይም ሹራብዎን ደርበው መስኮቱን ጥቂት ገርበብ ያድርጉት። ሲያስሉ አፍዎን በክንድዎ ይሸፍኑ።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ቁልቁል ሲወርዱ ጆሮ ድፍን የሚለው የአየር ግፊቱ በአጭር ጊዜ ስለሚለወጥ ነው። ምራቅ መዋጥ፣ ማዛጋት ወይም ማስቲካ ማኘክ ያቃልለዋል። ጨቅላ ሕፃን ካለቀሰ ጡት ያጥቡት። መጠማዘዣው የሚያጥወለውልዎ ከሆነ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ሩቅ ይመልከቱ፤ ስልክዎን ይተዉት።

መንገዱ ተዘግቶ ለረጅም ሰዓት ከቆሙም ወንበር ላይ አይድረቁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ተቀምጦ መጓዝ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋትን ዕድል እጥፍ ገደማ ያደርሰዋል። ለአብዛኛው ሰው አደጋው ትንሽ ነው፤ ነፍሰ ጡር፣ አራስ ወይም በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ግን ይጠንቀቅ። ቁርጭምጭሚትዎን ያንቀሳቅሱ፤ ከመኪናው ወርደው ከመንገዱ ዳር ራቅ ብለው ይንሸራሸሩ። አንድ እግር ብቻ አብጦ ከታመመ፣ ወይም ድንገት የትንፋሽ እጥረትና የደረት ውጋት ከመጣ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ነፍሰ ጡር ከሆኑና መንገድ ላይ ደም ከፈሰሰዎት፣ የሽርት ውኃ ከፈሰሰ፣ ከባድ ራስ ምታት ከያዘዎት ወይም ዓይንዎ ከደበዘዘ መንገዱ እስኪከፈት አይጠብቁ። ከመዘጋቱ ወዲህ ያለ መኪና ፈልገው፣ ወደ መጡበት ቢሆንም፣ ቶሎ ወደሚደርሱበት ሆስፒታል ይመለሱ። ሥራ ማርፈድዎን በኋላ በስልክ ያስረዳሉ።