ስሙ ዲቪዲ፣ ምስሉ ቪሲዲ

ከመርካቶ ተጭኖ ቆቦ የሚደርስ ዕቃ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። የትራንስፖርቱም የደላላውም ሒሳብ በዕቃው ላይ ይታሰባል። ስለዚህ ከወልድያ እስከ አላማጣ ባለው መስመር ለሚሠራ ነጋዴ «የትኛው ዕቃ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። «የተሻለው ዕቃ ለገዢው ይታየዋል ወይ?» የሚለውም አብሮ መታሰብ አለበት። ለዚህ የቪዲዮ ዲስኮች ታሪክ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል።

የቪሲዲ ስታንዳርድ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። አገራችን በምትከተለው የፓል ሥርዓት ምስሉ 352 በ288፣ ማለትም ወደ 101 ሺህ የሚጠጉ ነጥቦች አሉት። አንዱ ዲስክ 74 ደቂቃ ያህል ስለሚይዝ የ2 ሰዓት ፊልም 2 ዲስክ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1996 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው ዲቪዲ ደግሞ 720 በ576፣ ወደ 415 ሺህ የሚጠጉ ነጥቦች ያሳያል። ይህም የቪሲዲ 4 እጥፍ ነው።

በድምፅም ልዩነት አለ። ቪሲዲ በ2 መስመር ብቻ ሲያሰማ ዲቪዲ እስከ 6 መስመር ይይዛል። ይሁን እንጂ ድምፁ ከቴሌቪዥኑ ከራሱ ስፒከር የሚወጣ ከሆነ ገዢው ትርፍ የከፈለበትን አይሰማውም። ምስሉም ቢሆን በትንሽ የድሮ ቴሌቪዥን ላይ ልዩነቱ ይጠብባል፤ በሰፊው ጠፍጣፋ ስክሪን ላይ ግን የቪሲዲ ጉድለት ፍጥጥ ብሎ ይወጣል።

ነጋዴው ሊጠነቀቅበት የሚገባው ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። አንድ ተራ ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል። በዚህ ላይ የ2 ሰዓት ፊልም ሲጫን ለእያንዳንዱ ሰከንድ 5 ሜጋቢት ያህል ይደርሳል። በዚያው ዲስክ ላይ 8 ሰዓት ከታጨቀ ግን ድርሻው ወደ 1.3 ሜጋቢት ይወርዳል። ቪሲዲ ምስልና ድምፁን ጨምሮ በሰከንድ 1.4 ሜጋቢት ገደማ ነው የሚጠቀመው። «ብዙ ፊልም በአንድ» ተብሎ የሚሸጥ ዲቪዲ፣ በስሙ አዲስ ቢሆንም ለምስሉ የሚሰጠው ድርሻ ከአሮጌው የማይሻል ሊሆን ይችላል። ጉዱ የሚታየው በሩጫና በፈጣን ጭፈራ ጊዜ ነው፤ ምስሉ በአራት ማዕዘን ይበጣጠሳል። ከአሮጌ የቪዲዮ ካሴት የተገለበጠም ዲቪዲ ላይ በመጫኑ ብቻ አይጠራም።

የራያ ቆላ ሙቀትና አቧራም ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ዲስክ ይጣመማል፣ አቧራ የጠጣ ሌንስም ማንበብ ያቅተዋል። የቪሲዲ መረጃ የሚቀመጠው ጽሑፉ ካለበት ገጽ ሥር ስለሆነ በዚያ በኩል ከተጫረ አይድንም። የዲቪዲው መረጃ በሁለት የፕላስቲክ ንጣፎች መካከል ስለሚገኝ በዚህ ረገድ ይሻላል።

ጥራት ብቻውን ገበያ እንደማይገዛ ዓለም አቀፉ ፉክክርም አሳይቷል። ኤችዲ ዲቪዲ በጥራት ከብሉ ሬይ ብዙም ሳያንስ፣ ዋነኛው ደጋፊው ቶሺባ በየካቲት 2008 እ.ኤ.አ. ከገበያ አወጣው። ቀድመው ያከማቹ ነጋዴዎች ዕቃው እጃቸው ላይ ቀረ። በብድር ገንዘብ ያከማቸማ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ሆኖበታል።

ዛሬ ዲስኩ ራሱ ቦታውን ለፍላሽና ለስልክ ሚሞሪ ለቋል፤ ሕጉ ግን አልተለወጠም። የአንድ ሰዓት ፊልም 300 ሜጋባይት ከሆነ በሰከንድ 0.7 ሜጋቢት ነው። አዲሱ አጨማመቅ ከድሮው በጥቂት መረጃ የተሻለ ምስል ቢሰጥም፣ መጠኑ እጅግ ካነሰ በሰፊ ስክሪን ላይ መፍዘዙ አይቀርም። በፍላሽም ሆነ በዲስክ፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አባዝቶ መሸጥ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያስጠይቃል።

እንግዲህ ገዢው በሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ስም ከማየቱ በፊት መጠኑን ለደቂቃው ያካፍል። ሻጩም እንዲሁ። አንድ ጊዜ በስም የተታለለ የቆቦ ደንበኛ በሚቀጥለው ጉዞው ሮቢት ወይም አላማጣ ወርዶ ይገዛል።