ቡችላው ይተኛ

«ዶክተር፣ ይሄ ቡችላ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ይውላል፤ አሞት ነው ወይስ ሰነፍ ነው?»

ጎጃም ውስጥ ቢቸናም ሆነ ሞጣ ላሙን ሊያሳክም የመጣ ገበሬ ጉዳዩን ከጨረሰ በኋላ ይህን ይጠይቀኛል። ጭንቀቱ ይገባኛል። ቡችላውን ያመጣው ለበረቱ ጠባቂ እንዲሆነው ነው። በእኛ አገር ሌሊት ጅብ አጥር ድረስ ይመጣል፤ ውሻው ካልነቃ አህያይቱ ወይም ጥጃው ይበላል።

መልሴ ግን አንድ ነው፦ ይተኛ። ቡችላ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከ24 ሰዓት ውስጥ ከ18 እስከ 20 ሰዓት ይተኛል። በ10 እና በ14 ቀኑ መካከል ዓይኑ እስኪገለጥ ድረስማ ከመጥባትና ከመተኛት ሌላ ሥራ የለውም። ተኝቶ ሳለ እግሩን ሲያንፈራግጥ፣ ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ ያዩ ሰዎች የሚጥል በሽታ የያዘው እየመሰላቸው ይደነግጣሉ። በሽታ ግን አይደለም፤ አንጎሉና ነርቩ እየጎለበተ ነው፤ አትንኩት። አጥንትና ጡንቻ የሚያሳድገው ሆርሞንም በብዛት የሚመነጨው እንቅልፉ ሲከብድ ነው።

የሚያሳዝነኝ ገና ሁለት ወር ያልሞላውን ቡችላ ከእናቱ ነጥሎ በር ላይ ማሰር ነው። ልጆች «ኃይለኛ እንዲሆን» እያሉ ተኝቶ ሳለ በእንጨት ይጎነትሉታል። ከ3 እስከ 12 ሳምንት ያለው ዕድሜ ሰውንና ከብትን የሚላመድበት ነው። በዚህ ጊዜ እንቅልፍ የተነሣና የተንገላታ ቡችላ ሲያድግ ጅብ ከሚያባርር ይልቅ የቤቱን ልጅ የሚነክስ ሊሆን ይችላል። ቢያንስ 8 ሳምንት ከእናቱ ጋር ይቆይ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የራሱን ሙቀት መጠበቅ ስለማይችል በእኛ ደጋ ብርድ እርጥብ መሬት ላይ ማደሩ ሊገድለው ይችላል፤ ደረቅ ጭድ ወይም አሮጌ ጆንያ አንጥፉለት።

መተኛቱ ሕመም የሚሆንበት ጊዜም አለ። ቀስቅሱትና እዩት። ጤነኛው ይንጠራራል፣ ወደ ጡት ወይም ወደ ምግቡ ይሄዳል፣ ድዱ ሮዝ ነው። ቀስቅሳችሁት ካልተነሣ፣ ምግብ እምቢ ካለ፣ ድዱ ከነጣ፣ ሆዱ እንደ ከበሮ ከተነፋ ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካለው ሳታሳድሩ አምጡት። ሆድ የሚነፋው አብዛኛውን ጊዜ የወስፋት ትል ነው፤ ትሉ ገና በማኅፀን ሳለ ከእናቱ ይተላለፍበታል፤ ስለዚህ የትል መድኃኒት ከ2 ሳምንት ዕድሜው ጀምሮ ይሰጠዋል።

ከሁሉ በላይ የምፈራው የእብድ ውሻ በሽታን ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ጎጃምን ጨምሮ በትግራይ፣ በበጌምድርና በወሎ በወረርሽኝ መልክ መነሣቱ ተመዝግቧል፤ ዛሬም አልጠፋም። ቀን ይተኛ የነበረ ውሻ ድንገት እንቅልፍ አጥቶ ከተቅበዘበዘ፣ ወይም በተቃራኒው ጨለማ ጥግ ፈልጎ ከተደበቀ፣ መንጋጋው ወርዶ ለሀጩን ካዝረበረበ አትቅረቡት፤ አጥንት ያነቀው መስሏችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ አታስገቡ። የነከሰው ሰው ቢኖር ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ይጠብ፤ ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ መድኃኒት የለውም።

ቢቸናና ሞጣ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ቡችላችሁ 3 ወር ሲሞላው ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አምጡት። እስከዚያ ድረስ ልጆቹን ከልክሉለትና ይተኛ።