ሞተ ከመባሉ በፊት፤ ኮምፒዩተር ስለማያውቀው ሐርድ ዲስክ

በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ሰፈር ለኮሪደር ልማት ከፈረሰና ነዋሪውም በየአቅጣጫው ከተበተነ ወዲህ፣ የዱሮው ሰፈር መልክ፣ የሠርጉና የክርስትናው፣ የተዝካሩና የማኅበሩ ፎቶግራፍና ቪዲዮ፣ በየቤተ ሰቡ ቁም ሣጥን ውስጥ በተቀመጠ፣ ከእጅ መዳፍ በማይበልጥ ሐርድ ዲስክ ላይ ብቻ ተጽፎ መቅረቱን የሚያስተውል ሰው፣ ስለዚህ ዕቃ የሚነዛውን ወሬ በቸልታ ሊያልፈው አይገባም። ወሬውም ኮምፒዩተሩ ዲስኩን አላውቀውም ባለ ጊዜ «ቫይረስ በልቶታል» ወይም «የፈረሳው አቧራ ገብቶበታል፤ ፎርማት ይደረግ፣ እምቢ ካለም ይጣል» የሚል ነው። በየጥገና ቤቱ የሚሰማው ይህ ፍርድ ሐሰት ከመሆኑም በላይ፣ በህልውና ያለውን መዝገብ ባለቤቱ በገዛ እጁ እንዲደመስሰው የሚያደርግ ምክር ነው።

ቫይረስ የተጻፈ ትእዛዝ ነው። ፋይል ቢደብቅ፣ ቢያጠፋ፣ እንደ ልማዱም በፋይሉ ፈንታ የሾርትከት ምልክት ቢተክል፣ ይህን ሁሉ የሚሠራው ዲስኩ ከታወቀና ከተከፈተ በኋላ ነው፤ የክፍልፋዮቹን መዝገብ ቢያበላሽ እንኳ ዲስኩ ከነመጠኑ ዲስክ ማኔጅመንት በሚባለው መስኮት ላይ ይታያል። አቧራውም ቢሆን፣ ዲስኩ አየር የሚስብባት ንኡስ ቀዳዳ በማጣሪያ የተጠበቀች ስለ ሆነች ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ አቧራ የሚጎዳው የኬብሉንና የሶኬቱን አፍ ነው፣ ይህም በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ የሚወገድ ነው።

እንግዲህ «አላወቀውም» ሲባል በእርግጥ የሆነው ምንድን ነው? በ1996 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው የዩኤስቢ ድንጋጌ ከወጣ ጀምሮ፣ ዕቃ በተሰካ ቁጥር የሚፈጸመው ሥርዓት በቤተ መንግሥት ደጅ በአጋፋሪ ፊት ይፈጸም የነበረውን ይመስላል። እንግዳው ከሁለቱ የመልእክት ሽቦዎች የአንዱን ቮልት ከፍ በማድረግ መድረሱን ያስታውቃል፤ ኮምፒዩተሩም ከ1 እስከ 127 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ሰጥቶ፣ ስሙን፣ ወገኑን፣ ሥራውንና የሚያስፈልገውን ቀለብ ይጠይቀዋል፤ መልሱ ከተስማማው ያስገባዋል። ሰዎች የማያስተውሉት ዐቢይ ነገር፣ ጥያቄውን የሚመልሰው ዲስኩ ራሱ አለመሆኑ ነው። የሚመልሰው በሣጥኑ ውስጥ በዲስኩና በኬብሉ መካከል የቆመው አገናኝ ሰርኪት ነው። ስለዚህም ዊንዶውስ «የማይታወቅ የዩኤስቢ ዕቃ» ብሎ በጻፈ ጊዜ የመሰከረው መልስ አለማግኘቱን ብቻ ነው፤ ፎቶግራፉ ስለ ተጻፈበት ሰሌዳ ግን ክፉም ደግም አልተናገረም።

መልሱ የሚጠፋበት ምክንያት ብዙ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የምጠረጥረው የቀለቡን ጉድለት ነው፣ ስለዚህም ነገሩን በዝርዝር ላስረዳ። በሥርዓቱ መሠረት፣ በዩኤስቢ 2.0 የተሰካ ዕቃ ጥያቄውን መልሶ እስኪጨርስ ከ100 ሚሊ አምፔር በላይ እንዲስብ አይፈቀድለትም፤ ከተፈቀደለት በኋላም ወሰኑ 500 ነው፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ዩኤስቢ 3.0 ይህን ወሰን ወደ 900 ከፍ አድርጎታል። ነገር ግን በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚዞረውን ሰሌዳ ከቆመበት የሚያስነሣው ሞተር፣ በመነሻው ጥቂት ሰከንድ ወደ 1,000 ሚሊ አምፔር የሚጠጋ ኃይል ሊሻ ይችላል፤ አንዴ መዞር ከጀመረ በኋላ ግን ከዚያ እጅግ ባነሰ ይኖራል። እንግዲህ ረጅምና ቀጭን የሆነ ርካሽ ኬብል በመሄጃውና በመመለሻው ሽቦ ተደምሮ ግማሽ ኦም የሚያህል እንቅፋት ቢኖረው፣ በ1 አምፔር ጊዜ ግማሽ ቮልት ራሱ ይበላል፤ ከኮምፒዩተሩ 5 ቮልት ሆኖ የወጣው ከዲስኩ ዘንድ 4.5 ሆኖ ይደርሳል። ብዙዎቹ ዲስኮች ደግሞ ከ5 ቮልት ከመቶ 5 እጅ በላይ መጉደሉን፣ ማለትም ከ4.75 መውረዱን አይታገሡም። በዚህ ሕጸጽ ምክንያት ሰርኪቱ ይጠፋል፣ ሞተሩ ይቆማል፤ ጭነቱ ሲቀል ቮልቱ ያገግማል፣ ሰርኪቱም ተነሥቶ እንደ ገና ደጁን ያንኳኳል፤ ሞተሩ ሲነሣም እንደ ገና ይወድቃል።

ባለቤቱን የሚያስደነግጠው ያ የማያቋርጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። ስለዚህ ማንኛውም ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ዲስኩ በአጭርና በደህና ኬብል፣ ያለ ሀብ፣ በዴስክቶፕ ከሆነ ከማዘርቦርዱ ጋራ በቀጥታ በተያያዘው በጀርባ ሶኬት ላይ ይሰካ፤ ደግሞም በሌላ ኮምፒዩተር ይሞከር። ነገር ግን ኃይሉ ምሉእ ሆኖ ሳለ ድምፁ ከቀጠለ፣ ያን ጊዜ ጽሕፈቱን ከሰሌዳው የሚያነበው አንባቢ ራስ በእርግጥ ተጎድቶ ይሆናልና ዲስኩ ወዲያው ይነቀል፤ ደጋግሞ መሰካት ሰሌዳውን ማስፋቅ ነው።

በራሱ አዳፕተር ከግድግዳ ኃይል የሚወስደው ትልቁ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ የሚሻው 12 ቮልት ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ወይም ከጀነሬተር ወደ መስመር ሲዛወር በሚፈጠረው የቮልት መናወጥ አስቀድሞ የሚሞተው አዳፕተሩ ነውና መለካት ያለበት እርሱ ነው። አፉ ገጠመ ተብሎ የላፕቶፕ አዳፕተር፣ ብዙውን ጊዜ 19 ቮልት የሚሰጠው፣ በምትኩ ቢሰካ ግን ደህናው ሰርኪት በቅጽበት ሊቃጠል ይችላል።

የቀረው በጥቂት ቃል የሚያልቅ ነው። ዲስኩ በዲስክ ማኔጅመንት ላይ ከነመጠኑ ታይቶ ዊንዶውስ የሚጠራበት ፊደል ብቻ ከጎደለው፣ ፊደሉ ይሰጠው። «ፎርማት ይደረግ?» ወይም «ኢኒሻላይዝ ይደረግ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እምቢታ ነው፤ ከውጭ አገር በዘመድ እጅ የመጣ ዲስክ በማክ የተዘጋጀ ከሆነ ዊንዶውስ ጽሕፈቱን ማንበብ ስለማይችል ብቻ ይህንኑ ይጠይቃልና፣ በማክ ላይ ይከፈት።

ኃይሉ ተሟልቶ፣ ኬብሉ ተለውጦ ዲስኩ ዝም ካለ፣ ባለሙያዎች የሚከራከሩበት ነገር ላይ እንደርሳለን፤ እዚህ እኔም በጥንቃቄ እናገራለሁ። ዲስኩን ከሣጥኑ አውጥቶ በሌላ አገናኝ ማንበብ ብዙ ጊዜ ይረዳል፤ ሆኖም በአንዳንዶቹ የዩኤስቢው አፍ በዲስኩ ሰርኪት ላይ የተበየደ ነው፣ በአንዳንዶቹም አገናኙ ጽሕፈቱን በምስጢር ቁልፍ ስለሚቈልፈው በሌላ መሣሪያ ሲነበብ ትርጉም አይሰጥም። የዲስኩን ሰርኪት ከተመሳሳይ ዲስክ በተወሰደ መለወጥም በዱሮዎቹ ይሠራ ነበር፤ በአሁኖቹ ግን ለዚያው ዲስክ ብቻ የተመጠነው ልክ በሰርኪቱ ላይ ባለች ንኡስ ቺፕ ውስጥ ስለ ተጻፈ፣ ቺፒቱም አብራ ካልተዛወረች አብዛኛውን ጊዜ ከንቱ ድካም ነው። ኅቱሙን የውስጥ ሣጥን በሱቅ ጠረጴዛ ላይ መክፈትን ግን ፈጽሞ እቃወማለሁ፤ አንባቢው ራስ ከሰሌዳው በላይ የሚንሳፈፈው በጥቂት ናኖሜትር ክፍተት ነውና፣ 1 ማይክሮሜትር የሆነች ብናኝ ከዚያ ክፍተት በመቶዎች እጥፍ ትበልጣለች። (የአዲስ አበባን ቀጭን አየር የሚወቅሱም አሉ፤ የብዙ ዲስኮች የከፍታ ወሰን 3,048 ሜትር ሲሆን ከተማችን ግን ወደ 2,355 ሜትር ላይ ናት፣ ስለዚህ ይህ ወቀሳ አይጸናም።)

ዲስኩ ከተከፈተም በኋላ ዊንዶውስ «ስካን ኤንድ ፊክስ» የሚለውን ጥገና ቢያቀርብ ወዲያው አይፈቀድለት፤ ያ ጥገና የደከመውን ሰሌዳ መላልሶ ከማሠራቱም በላይ በመዝገቡ ላይ ይጽፋልና፣ አስቀድሞ ፎቶግራፉና ቪዲዮው ሁሉ በሌላ ዲስክ ላይ ይገልበጥ።