አሮጌው ዩቪ ማሽን፦ ይቀየር ወይስ ይታደስ?

ውጫሌ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከሐይቅ አለፍ ብላ የምትገኝ የአምባሰል ወረዳ መቀመጫ ናት። ታሪክ የሚያውቃት ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል ነው። አውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ደግሞ ታፔላ ትፈልጋለች፤ መድኃኒት ቤቱም፣ ሆቴሉም፣ ጎሚስታውም፣ የቀበሌ ጽሕፈት ቤቱም ስሙን ከሩቅ ማሳየት አለበት። በእንዲህ ያለ ከተማ ማስታወቂያ ቤት ከፍቶ ያገለገለ ዩቪ ፍላትቤድ ፕሪንተር የገዛ ሰው፣ ውሎ አድሮ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ ማሽኑን ላድሰው፣ ልቀይረው ወይስ እንዳለ ልግፋበት? ውሳኔው የቤተሰብ ጥሪት የሚበላ ወይም የሚያድን ነውና ማሽኑን ከሥሩ ማወቅ ይገባል።

የባነር ማሽን ጥቅል ሸራ እየጎተተ ያትማል። ፍላትቤድ ግን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ አለው፤ ፎሬክሱ፣ አክሬሊኩ፣ ኤምዲኤፉ፣ መስታወቱ ወይም አሉሚኒየሙ እዚያ ላይ ይዘረጋል፣ ከሥር አየር እየሳበ አጥብቆ ይይዘዋል። ከላይ የሕትመት ሄዶቹን የተሸከመው ካሬጅ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ በሄዶቹ ቀለም ይረጫል። ከሄዶቹ ጎን ያለው መብራት ደግሞ ቀለሙን ባረፈበት ቅጽበት ያጠጥረዋል።

የማሽኑ ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነው። የጥንቱ የብራና ቀለም ውሃው ተንኖ ጥላሸቱ ይቀራል፤ በዚያው አካባቢ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው፣ በ1273 ዓ.ም. ለአባ ኢየሱስ ሞዓ የተጻፈው ወንጌል በእንዲህ ያለ ቀለም ነው እስከ ዛሬ የሚነበበው። የዩቪ ቀለም በመትነን አይደርቅም። ውስጡ የመብራቱ ዩቪ (አልትራቫዮሌት) ጨረር ሲነካው የሚነቃ ቅመም አለ፤ እሱ ሲነቃ ፈሳሹ በሙሉ ተያይዞ ወደ ስስ ፕላስቲክ ይለወጣል። ቀለም በማይመጥ መስታወትና ብረት ላይ ማተም የተቻለውም በዚህ ነው።

ማሽኑ ገበያ ላይ የዋለው በ1993 ዓ.ም. አካባቢ ሲሆን እንደ እንግሊዙ ኢንካና እንደ ጣሊያኑ ዱርስት ያሉ ኩባንያዎች ፈር ቀደዱ። የመጀመሪያዎቹ ማሽኖች መብራት የሜርኩሪ ነበር። ኤልኢዲ የመጣው በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ነው። አንድን ማሽን አሮጌ የሚያሰኘው ትልቁ ምልክት፣ በእኔ ግምት፣ ከተመረተበት ዓመት ይልቅ ይህ መብራት ነው።

የሜርኩሪ መብራት እስኪግል ደቂቃዎችን ይፈልጋል፤ ኪሎዋቶችን ይበላል፤ ዕድሜውም ብዙ ጊዜ ከ1,000 እስከ 2,000 ሰዓት ነው። በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን የሚሠራ ሰው 2,400 ሰዓት ስለሚያስኬደው በየዓመቱ ቢያንስ አንዴ አምፖል ይቀይራል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የኤሌክትሪክ ኃይል ሲጠፋ ነው። ኃይሉ ለግማሽ ደቂቃ ጠፍቶ ቢመለስ እንኳ የጋለው አምፖል ካልቀዘቀዘ እንደገና አይነሳም፤ መቀዝቀዙና መጋሉ ሲደመር ሥራው ይቆማል፣ በጅምር ያለው አክሬሊክም ይበላሻል። ኤልኢዲ ወዲያው በርቶ ወዲያው ይጠፋል፤ አምራቾቹ ከ10,000 ሰዓት በላይ እንደሚያገለግል ይገልጻሉ፤ ኃይል የሚስበውም ሲያትም ብቻ ነው። በኛ አገር የኃይል ሁኔታ ይህ ልዩነት ከሕትመት ፍጥነት በፊት መታየት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ መብራቱን ብቻ አውጥቶ ኤልኢዲ መግጠም አይቻልም? ይቻላል፤ ብዙ ሰው የሚከስረው ግን እዚሁ ላይ ነው። ሜርኩሪ ሰፊ ጨረር ይረጫል፤ ኤልኢዲ ግን በጠባቡ፣ ብዙውን ጊዜ 395 ወይም 365 ናኖሜትር አካባቢ ብቻ ያበራል። ለሜርኩሪ የተቀመመ ቀለም በኤልኢዲ ሥር ፊቱ እጅ ላይ እየተጣበቀ፣ ውስጡም ሳይጠና ይቀራል። ስለዚህ መብራት መቀየር ማለት ቀለምም መቀየር ነው። አሮጌው ከአዲሱ ጋር ቱቦ ውስጥ ቢገናኝ ሊረጋ ስለሚችል መስመሩ በሙሉ ይታጠባል፣ የሄዱ ቮልቴጅም ለአዲሱ ቀለም ውፍረት ይስተካከላል። ይህን ሁሉ የማያነሳ ባለሙያ ሥራውን አያውቀውም።

ቀጥሎ የሚታየው ሄዱ ነው። ርካሽ በሆኑት ማሽኖች ላይ የኤፕሰን ዲኤክስ5 ወይም ኤክስፒ600 ይገጠማል፤ ጠንከር ያሉት የሪኮ ወይም የኮኒካ ሚኖልታ ናቸው። ነጭ ቀለም ለሁሉም ፈተና ነው፤ ነጭነቱን የሚሰጠው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ከፈሳሹ እጅግ ስለሚከብድ ይዘቅጣል። ቀለሙን የሚያዟዙር ሥርዓት የሌለው ማሽን ነጩን በየጠዋቱ በእጅ ማወዛወዝ ይጠይቃል፤ ከተረሳ ሄዱ ሊደፈን ይችላል። ጥቁር አክሬሊክና ብርሃን አሳላፊ ታፔላ በብዛት የሚሠራ ሰው ቀለም አዟዟሪ ያለው ማሽን ቢገዛ ገንዘቡ አይባክንም። ፎሬክስ ላይ ብቻ የሚያትም ግን ነጩን እምብዛም ስለማይነካው ለዚያ ብሎ ማሽን መቀየር የለበትም። (ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር፦ ሄድ የሚደፍነው የማሽኑ እርጅና ብቻ ሳይሆን በመስኮት የገባ ፀሐይም ነው። መጋረጃ ከአዲስ ሄድ እጅግ ይረክሳል።)

ብረቱ፣ ጠረጴዛውና ሃዲዱ ብዙ ጊዜ ከሌላው ሁሉ ይተርፋሉ። ማሽኑን ቀድሞ የሚገድለው ኮምፒውተሩ ነው። የጥንቱ ቦርድ ዊንዶውስ 7 ወይም ከዚያ በፊት በነበረ ሥርዓት ብቻ የሚሠራ ሆኖ፣ ሥዕሉን ለማሽኑ የሚያዘጋጀው የሪፕ ሶፍትዌር ቁልፍም ከጠፋ፣ መለዋወጫ የሚሆን ቦርድ ካልተገኘ፣ ጥገናው መቆም አለበት። ያኔ መቀየር ግድ ነው።

ዋጋን በተመለከተ፣ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ስሌቱ ተለውጧል። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት የተገዛ ማሽን በተገዛበት ዋጋ የሚተካ አይደለም፤ የሚሠራ አካል ያለውን ማሽን አውጥቶ መጣልም ከባድ ኪሳራ ሆኗል። ሄዱም ቀለሙም በዚያው ምንዛሪ ስለሚመጣ ግን በየወሩ ሄድ የሚበላ አሮጌ ማሽንም ርካሽ አይደለም። ስለዚህ የሦስት ወር መዝገብ ይያዝ፦ ማሽኑ የቆመው ስንት ሰዓት ነው? በሄድ፣ በመብራት፣ በኃይል መጥፋት ወይስ ሥራ በማጣት? መዝገቡ በሥራ ማጣት ከተሞላ አዲስ ማሽን አይረዳም። በኃይል መጥፋት ከተሞላ መጀመሪያ ጄኔሬተርና ስታቢላይዘር ይገዛ፤ አዲሱ ማሽንም ቢሆን ያለ እነርሱ ይቆማል። በሜርኩሪው ከተሞላ መብራቱና ቀለሙ አብረው ይለወጡ። ሄድ፣ ቦርድና ኮምፒውተር ተራ በተራ ከወደቁ ደግሞ መቀየሩ ይሻላል።

ለመግዛት የወሰነ ሰው የሻጩን ናሙና አይቶ አይመለስ። የራሱን አክሬሊክና የራሱን ፎሬክስ ይዞ ይሂድ፤ ነጭ ከሥር፣ ቀለም ከላይ አሳትሞ ለአንድ ቀን ያቆየው። ከዚያ በምላጭ መስቀለኛ ጭረት ጭሮ ፕላስተር ለጥፎ ባንዴ ይንቀለው። ቀለሙ ከፕላስተሩ ጋር ከተነሳ ዋጋ መደራደሩን ትቶ የየትኛው ኩባንያ ቀለም እንደሆነ፣ ከቀለሙ በፊት የሚቀባ ፕራይመር እንደሚያስፈልገው፣ ሄዱ ስንተኛ ትውልድ እንደሆነና ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ድረስ የሚመጣ ቴክኒሻን መኖሩን ይጠይቅ።