የአየሩ ሞገድ የማን ነው?

ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በዘውድ በዓል ዕለት ነው። ጣቢያው የመንግሥት ስለ ነበረ፣ ተመልካቹ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የቀረበለትን ከማየት ወይም ከመዝጋት በቀር ሌላ የአገር ውስጥ ምርጫ አልነበረውም። ዛሬ ግን በሐዋሳ፣ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ብቻ እንኳ፣ በየጣራው የተተከለውን ዲሽ ለተመለከተ ሰው ዘመኑ ምን ያህል እንደ ተለወጠ ግልጽ ነው። በዚህም ምክንያት አንዳንድ ጓደኞቻችን፣ «ጣቢያው ይህን ያህል ከበዛ፣ የሕዝብ ጣቢያና ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለምን ያስፈልጋሉ? ገበያው ራሱ ይፍረድ» ሲሉ እንሰማለን። አስተያየቱ በቀላሉ የሚናቅ ስላይደለ ልንመረምረው ወደድን።

ሕጋችን ጣቢያዎችን የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ብሎ ይለያቸዋል። የንግድ ጣቢያን የሚያኖረው አስተዋዋቂው ነው፤ አስተዋዋቂውም ገንዘቡን የሚያወጣው ብዙ ገዢ ወዳለበት ነው። ይህ በራሱ ነውር አይደለም። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ አገር ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ይዞ በመጣ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ወደ እርሱ ዞረ። የአገር ውስጥ የኪነ ጥበብ ሰዎች ተቃውሞ ቢያሰሙም፣ ተመልካች በግዴታ እንደማይያዝ ለሁሉም ታየ። ውድድር ይህን ጥቅም ስለ ሰጠ ልንክደው አይገባም።

ይሁን እንጂ ገበያው የማይሠራው ሥራ አለ። የደቡብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት መቀመጫውን በከተማችን አድርጎ፣ በዋካ፣ በቦንጋ፣ በጂንካና በሚዛን ቅርንጫፍ ጣቢያዎችን ከፍቶ፣ በብዙ ቋንቋዎች ሲያሠራጭ ኖሯል። ከቋንቋዎቹ አንዳንዶቹ ተናጋሪያቸው ጥቂት ነው። አጠውልግ የሚባለው በሽታ እንሰቱን ለሚፈጅበት ገበሬ ምን ማድረግ እንዳለበት በገዛ ቋንቋው የሚነግረውን ዝግጅት፣ የትኛው የሳሙና ወይም የባንክ ማስታወቂያ ይሸፍንለታል? ገበሬው በሕግ ፊት ሙሉ ዜጋ ነው፤ በአስተዋዋቂው መዝገብ ግን የለም። የሕዝብ ጣቢያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ውድድርን ሳይከለክሉ ይህን ሥራ ለመጠበቅ እንደሚቻል የእንግሊዝ አገር ታሪክ ያስረዳል። የእንግሊዝ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1954 የንግድ ቴሌቪዥንን ሲፈቅድ ማሠራጫዎቹን ለኩባንያዎቹ አልለቀቀም። ማሠራጫው በአንድ የሕዝብ ባለሥልጣን እጅ ሆነ፤ ኩባንያዎቹም በውል ገቡ። ማስታወቂያው ከዝግጅቱ ተለይቶ እንዲታይ፣ አስተዋዋቂውም በዝግጅቱ ይዘት እጁን እንዳያስገባ ተደነገገ። ቢ.ቢ.ሲ. ብዙ ተመልካች ቢወሰድበትም፣ መተዳደሪያው ቴሌቪዥን ያለው ሁሉ የሚከፍለው የፈቃድ ገንዘብ ስለ ነበር የአስተዋዋቂን ደጅ አልጠናም። በእኛ ዘንድ ግን የሕዝብ የሚባለው ጣቢያ ራሱ ማስታወቂያ ይሻማል፤ የአየር ሰዓትም ለውጭ አዘጋጆች ይሸጣል። እንዲህ ከሆነ ከነጋዴው በምን ይለያል?

ሌላም ጥያቄ አለ። «የሕዝብ» ማለት «የመንግሥት» ማለት ነውን? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5፣ በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ ወይም በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ያለ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችለው ሁኔታ እንዲመራ ያዛል። ስለዚህ ሚኒስትሩ ሪባን ሲቆርጥ ብቻ የሚያሳይ ጣቢያ፣ ማስታወቂያ ባይወስድ እንኳ፣ የሕዝብ ሊባል አይችልም። የነጋዴ ሎሌ ከመሆን የባለሥልጣን ሎሌ መሆን አይሻልም።

እንግዲህ ሁለቱንም በልክ የሚይዝ ዳኛ ያስፈልጋል። በ1991 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 178 የብሮድካስት ኤጀንሲ ተቋቋመ፤ በ1999 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 533 ተከተለ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ዐዋጅ ቁጥር 1238 የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣንን አቋቋመ። ሕግ ሲበረታ ምን እንደሚሠራ አይተናል። የቢራ ፋብሪካ ባለባት በከተማችን ሳይቀር፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚነገረውን የመጠጥ ማስታወቂያ አጥብቆ ገደበ። የጣቢያዎች ገቢ ተጎዳ፤ የልጆች ጆሮ ግን ዐረፈ። ሕግ ሲጠፋ የሚሆነውንም አይተናል። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በሐዋሳ ሁከት በተነሣ ጊዜ የሲዳማ ሚዲያ ኔትወርክ ኃላፊዎች ታሰሩ። ጣቢያ ቢያጠፋ የሚመረምረው፣ መልሱን የሚሰማውና የሚፈርደው ገለልተኛ አካል መሆን ሲገባው፣ ፖሊስ ቀደመ።

የ2013ቱ ዐዋጅ ከመንግሥት ሌላ ከመገናኛ ብዙኃንና ከሲቪል ማኅበራት የተውጣጡ ሰዎች በቦርዱ እንዲቀመጡ ማድረጉ ተስፋ ሰጥቶን ነበር። ነገር ግን በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. በጸደቀው ማሻሻያ፣ ፈቃድ መሰረዝን የመሰለው ከባድ ሥልጣን ከቦርዱ ወደ መሥሪያ ቤቱ ተዛወረ። ፈቃድ ሰጪውም፣ ከሳሹም፣ ፈራጁም አንድ ከሆነ፣ ጋዜጠኛው ሳይነገረው ራሱን ይቆርጣል። እንዲህ ያለ ፍርሃት በማንኛውም መዝገብ ስለማይጻፍ ለማረም ያስቸግራል።

የእኛ አሳብ ይህ ነው። የሕዝብ ጣቢያ ገንዘብ በሕግ ይወሰን፤ በየዓመቱ በደግ ፈቃድ የሚሰጥ ስጦታ አይሁን። የማስታወቂያ ድርሻውም ይቀነስ። ጥቂት ተናጋሪ ላላቸው ቋንቋዎች የሚመደበው ሰዓት ይጻፍ፤ የደቡብ ክልል በ2015 ዓ.ም. ሲከፋፈል እንደ ታየው ወሰን በተለወጠ ቁጥር ዕጣቸው ጥያቄ ውስጥ አይግባ። ቅጣትም በግልጽ ችሎት የሚመረመር ይሁን።

ነገ በነዚህ ጣቢያዎች የምንቀጠረው፣ ሕጉንም የምናረቀውና የምንተረጕመው እኛው ተማሪዎች ነን። ዛሬ ዐዋጁን ሳናነብ ነገ ብናማርር የሚሰማን የለም። ስለዚህ ዐዋጁን አንብበን በክርክር ክበባችን እንነጋገርበት። የአየሩ ሞገድ የሕዝብ ሀብት ነውና፣ ሕዝቡ ባለቤትነቱን ካልጠየቀ ሌላው ይጠይቅበታል።